ርካሹ ኪልት ማንን ያስከፍላል?

በ2024 የአውሮፓ ዋንጫን ከጀርመን የተከታተለ ሁሉ የስኮትላንድ ደጋፊዎችን አይረሳም። ቡድናቸው በመክፈቻው 5 ለ 1 ተሸንፎ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። እነሱ ግን ሙኒክንና ኮሎኝን በኪልት አጥለቀለቋቸው። የእኛ ሰፈር ሶሻል ሚዲያም «ቀሚስ የለበሱ ወንዶች» እያለ ሲስቅ ከረመ። የአፋርና የሶማሌ ወንድ ሽርጥ ታጥቆ በሚውልበት አገር ተቀምጦ በኪልት መሳቅ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።

ጉዳዬ ሁለተኛው ሳቅ ነው፤ ዋጋውን ሲሰሙ የሚስቁት። በልክ ተለክቶ፣ ከከባድ ሱፍ በእጅ የተሰፋ ኪልት ከ500 ፓውንድ በላይ ይጠይቃል፤ እንደ ጨርቁና እንደ ባለሙያው ከዚያም ብዙ ሊያልፍ ይችላል። «ኤድንብራ ዋና መንገድ ላይ ላለ የቱሪስት ሱቅ ጥቂት አሥር ፓውንድ ከፍሎ መውሰድ ሲቻል ይህን ያህል የሚያወጣ ሞኝ ነው» ይባላል። እኔ ደግሞ ሞኙ ሌላ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ የሚገዛው ምን እንደሆነ እንይ። ሙሉ የሚባለው ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም 7.3 ሜትር ያህል ጨርቅ ይፈጃል። ከባድ የሚባለው ሱፍ በንግዱ ቋንቋ 16 አውንስ ነው፤ ቀላሉ 10 ወይም 11። ክብደቱ ለጉራ አይደለም። ከባድ ሱፍ ሽንሽኑን ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል፣ ሰውየው ሲራመድ ይወዛወዝና ተመልሶ ቦታው ይገባል፣ ንፋስ አይገልበውም፣ ቶሎ አይጨማደድም። ሰፊዋ የጨርቁን መስመሮች ቆጥራ እያንዳንዱን ሽንሽን ታጥፈዋለች፤ ከኋላ ሲታይ የታርታኑ ንድፍ ምንም እንዳልታጠፈ ሆኖ እንዲቀጥል። ከዳሌ ወደ ወገብ እያንዳንዱ ሽንሽን በልክ እየጠበበ ይሰፋል። ከታች ጠርዙ አይታጠፍም፤ የጨርቁ የራሱ ጠርዝ ነው። ይህ ሁሉ በመርፌና በክር፣ የቀናት ሥራ ነው። ባለቤቱ ሲወፍር ዘለበቱ ይዛወራል፤ ሲሞት ልጁ ይወርሰዋል።

የቱሪስቱ ኪልት ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፣ ያርዱ ያነሰ፣ በማሽን የተሰፋ፣ ሽንሽኑ ከንድፉ ጋር የማይተዋወቅ። ሂሳቡንም እንሥራው። 800 ፓውንድ ለ30 ዓመት ሲካፈል በዓመት 27 ፓውንድ አይሞላም። የ40 ፓውንዱ በሁለት ዓመት ሽንሽኑ ከጠፋ በዓመት 20 ፓውንድ በላ ማለት ነው። በጣም ርካሽ የተባለው ነገር ያን ያህል ርካሽ አልነበረም።

«አቅም የሌለውስ?» ለሚል መልስ አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ለሠርግ ኪልት መከራየት የተለመደ ነው። አቅም ያጣ ሰው ጥሩውን ለአንድ ቀን ይከራያል፤ መጥፎውን ለመግዛት አይገደድም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። «ባህል ነው የምትሉት ራሱ ፈጠራ ነው» ይላሉ። የታሪክ ጸሐፊው ሂዩ ትሬቨር-ሮፐር በ1983 እንዳስነበቡት፣ የዛሬውን አጭር ኪልት ያወጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስኮትላንድ ውስጥ ብረት ያቀልጥ የነበረ ቶማስ ሮሊንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ነገሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኙ ደራሲው ዋልተር ስኮት ከተማውን በታርታን አልብሰው ትልቅ ትርኢት እንዳዘጋጁ ግን አያከራክርም። «ይህ ታርታን የጥንት ጎሳህ ነው» እየተባለ ለቱሪስት የሚሸጠው ወሬም አብዛኛው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። እስማማለሁ፤ ለወሬው ጠበቃ አልቆምም።

ግን ከዚህ ምን ይከተላል? ከ1746ቱ አመፅ ሽንፈት በኋላ የለንደን ፓርላማ የደጋማውን ሰው ልብስ በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሠራል፤ ከደገመ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ሰው የታሠረበትን ልብስ «ፈጠራ ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል አይደለም። ደግሞስ ሁሉም ልብስ አንድ ቀን ሰው የፈጠረው አይደለምን? የልብሱ ዕድሜ ቢያከራክርም የሰፊዋ ሙያ አያከራክርም። ያ ሙያ ብሪታንያ ውስጥ ለመጥፋት ከሚያሰጉ የእጅ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

እዚህ ላይ ጣቴን የምቀስረው በድሃ አገር ሠራተኛ ላይ አይደለም። የፓኪስታኗ ሲያልኮት ኪልትም ባግፓይፕም ሠርታ ለዓለም ትሸጣለች፤ ሠርቶ መብላት ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ከየት እንደመጣና ከምን እንደተሠራ ሳይናገር በስኮትላንድ ስም የሚሸጠው ነጋዴ ዘንድና ዝም ብሎ የሚያየው ሕግ ዘንድ ነው። ሕግ ደግሞ ማውጣት ይቻላል። ሃሪስ ትዊድ የሚባለው ጨርቅ በ1993 በወጣ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በደሴቶቹ ነዋሪ፣ በቤቱ፣ በእጅ ካልተሸመነ በዚያ ስም አይሸጥም። ኪልት ይህ ጥበቃ የለውም። በ2008 በወጣ ሕግ የታርታን መዝገብ ተቋቁሟል፤ የሚመዘግበው ግን ንድፉን ነው እንጂ ማን እንደሰፋው አይደለም።

ይህን ለምን ለእናንተ እጽፋለሁ? ሽሮ ሜዳ ውረዱና እዩት። የሸማኔው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ፣ «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ይደሰታል። ሳምንታት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሸመነው ሰው ደግሞ ከማተሚያ ማሽን ጋር ዋጋ እንዲወዳደር ይፈረድበታል። ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች ለማስከበር ይህች አገር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ለቡናው ስም የታገለ መንግሥት ለሸማው ስም ለመታገል ምን ይጎድለዋል?

ጥያቄዬ አጭር ነው። በእጅ የተሸመነው በእጅ የተሸመነ መሆኑ፣ የታተመውም የታተመ መሆኑ ልብሱ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ገዢው የፈለገውን ይግዛ፤ ርካሹንም ቢሆን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስንተርት ኖረናል። ድሩን የሚያደራው ሰው ከሥራው ሲነቀል ግን ተረቱ ብቻውን ምንም አያስርም።