ጭነታችን የሚያልፍበት ባሕር

ስለ ባሕር ስንነጋገር የምናወራው ስለ ክሬንና ስለ ኮንቴይነር ነው። በሬዲዮም ይሁን በየሻይ ቤቱ ባሕር ማለት የወደብ ኪራይ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የከባድ መኪና ወረፋ ሆኗል። ክርክሩ አግባብ አለው። የገቢና የወጪ ንግዳችን አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ ነገሩ የእያንዳንዳችንን ጓዳ ይነካል። እኔን የሚቆጨኝ በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ውኃው ራሱ አለመነሳቱ ነው። እንዴት ያለ ባሕር ነው? ምን ይኖርበታል? በምን ይጎዳል? ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አልሰማሁም።

የጅቡቲ ጠረፍ 314 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለአገር ጠረፍ ትንሽ ነው። ሆኖም እንደ እሱ ያለ ጠረፍ በዓለም ላይ እምብዛም አይገኝም። ካርታውን ዘርግቶ ላየ ሰው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ የብሱን ሰንጥቆ ሲገባ፣ መጨረሻው ላይ በጠባብ በር አልፎ ጉቤት አል ኸራብ ወደሚባለው የተከበበ ውኃ ሲዘልቅ ይታየዋል። ይህ ስንጥቅ የኛው የስምጥ ሸለቆ ዘመድ ነው። የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የሚገናኙት አፋር ምድር ላይ ነው፤ ታጁራ ላይ ስንጥቁ ውኃ ገባበት፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚዘልቀው ክንፉ ላይ ደግሞ እነ ዝዋይና ላንጋኖ ተኙበት። መሬቱ ዛሬም አላረፈም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ከጉቤት አጠገብ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲነድ፣ መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ተከፍቷል።

ከጉቤት ወደ ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የአሳል ሐይቅ ይገኛል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የተኛ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። የባሕሩ ውኃ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቆች እየሰረገ ወደዚያ ይወርዳል፤ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። ሐይቁ ከባሕር በአሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። አፋሮች በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው የላኩት ጨው ከዚያም ይወጣ ነበር። ስለዚህ ጂኦሎጂስት ብዙ ደክሞ የሚያስረዳንን የአካባቢው ሰው በሥራው ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ፦ ባሕሩና የአፋር ምድር አንድ ናቸው፣ ድንበር የመጣው ኋላ ነው።

ከኛ በኩል የሚሄደው ትልቁ ወንዝ አዋሽ ነው። ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ግን ባሕር ሳይደርስ፣ ሁለቱ አገሮች በሚዋሰኑበት በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ይህ ለጠረፉ ትልቅ ትርጉም አለው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ወደዚያ ባሕር አይገባም፤ ደለልና ጭቃ የሚያደፈርሰው በደራሽ ጎርፍ ጊዜ ብቻ ነው። ኮራል ብርሃን የሚገባበት የጠራ ውኃ ይወዳልና በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፣ በባብ ኤል መንደብ ደጃፍም በሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ተንሰራፍቶ ይገኛል። በስተሰሜን ጎዶሪያ ላይ ሥሩን በጨው ውኃ የተከለ የማንግሮቭ ደን አለ፤ ብዙ የዓሣ ጫጩት የሚያድገው በዚያ ሥር ተሸሽጎ ነው።

ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ሕይወቶች በታጁራ ይበዛሉ። እነሱን ተከትሎ ዌል ሻርክ ይመጣል፤ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ወደ አርታ ዳርቻ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልደረሱ ወንዶች ናቸው። ሰው አይነኩም፤ አፋቸውን ከፍተው ውኃ እያጠለሉ ይበላሉ። የሚመገቡት ከውኃው ገጽ አጠገብ በመሆኑ ግን ብዙዎቹ ገላቸው ላይ የጀልባ ሞተር የተወው ጠባሳ አለ።

ወደ ሰሜን ያለው ባብ ኤል መንደብ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቀይ ባሕር በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል ውኃ ይተናል፤ የሚተካ ወንዝ ስለሌለ ባሕሩ የሚኖረው በዚህ በር በሚገባው ውኃ ነው። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ በበረዶ ዘመን፣ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ሲወርድ በሩ ሊዘጋ ትንሽ ቀረው፤ ቀይ ባሕርም እጅግ ጨዋማ ከመሆኑ የተነሳ አብዛኛው ፕላንክተን ጠፋ። በሩ ላይ የሚደርስ ነገር ወደ ውስጥ ሁሉ ይደርሳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ በሚሳይል ተመትታ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከነጭነቷ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ሰጠመች። ጭነቷ ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር፤ ከሰውነቷ የፈሰሰው ነዳጅም በውኃው ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ተንሳፍፎ ታይቷል። ማዳበሪያ የኛም ትልቅ የገቢ ዕቃ ነው፤ ነዳጃችንም በዚያው ጠረፍ ይራገፋል። እንዲህ ያለ አደጋ በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ደጃፍ ቢደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ዕቃው መቼ ይደርሳል ብለን ይሆናል። የታጁራ ዓሣ አጥማጅ ግን መረቡን ይዞ እዚያው ይቀራል።

የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ያላቸው አንዳንድ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1982 ጅዳ ላይ ባሕሩን ለመጠበቅ ስምምነት ፈርመዋል፤ ጅቡቲ አንዷ አባል ናት። እኛ በዚያ የለንበትም። በወደቡ ግን ከማንም በላይ የምንገለገለው እኛ ነን፤ ባንዲራችንን የሚያውለበልቡ መርከቦችም በዚያ ይመላለሳሉ። ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይጠየቃል፤ ጥበቃውን ለትንሿ ጎረቤት ብቻ መተው ፍትሕ አይመስለኝም።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ከጅቡቲ ጋር የምንፈርመው የወደብ ውል ሁሉ የዘይት ፍሳሽ መከላከያ ወጪን የምንጋራበት አንቀጽ ይኑረው። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ለጠረፉ ቅርብ ነውና ከጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የባሕር ተመራማሪዎችን ያሠልጥን። የታጁራን ኮራል የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ያስፈልጉናል፤ በጀቱም ከዘንድሮ ይጀመር።