ማን ከፈለ?

ስፔን ላለው አቅራቢያችን ደውዬ፣ አለቃዬ ቀብዱን «ከፈለ» ልል ብዬ «እከፍላለሁ» አልኩት። ሰውየው የተከፈለውን ገንዘብ እንደገና ሲጠብቅ ሰነበተ!

በስፓኒሽ ሁለቱም «ፓጎ» ናቸው፤ ሲከፋፈሉም ፓ-ጎ። «ፓ» ላይ ጫን ካላችሁ «እከፍላለሁ»፣ «ጎ» ላይ ከሆነ «ከፈለ» ማለት ነው። ሲጻፍ ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ጭረት አለው። «አብሎ»ም እንዲሁ፣ «እናገራለሁ» ወይም «ተናገረ» ነው፤ አከፋፈሉ ግን እንደ እኛ አነባበብ አብ-ሎ ሳይሆን አ-ብሎ ነው።

አይግረማችሁ፤ የእኛም «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ ይለያያል።

ልጆቻችሁ ስፓኒሽ ከጀመሩ ግሱን በእያንዳንዱ ክፍል እያጨበጨቡ ይበሉት፤ ጠንካራዋ ጭብጨባ የት እንዳረፈች አብራችሁ አድምጡ። እኔም አሁን ከመደወሌ በፊት አጨበጭባለሁ። ቢሮው ቢስቅም ሁለቴ ከመክፈል ይሻላል!