የመድኃኒት ሣጥናችን ትዘጋ

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ማዳም ነው። ዛሬ ግን የማነሳው የራሳችንን ጉዳይ ነው። እኔ ክፍል፣ ፍሪጅ ላይ የተቀመጠችውን የመድኃኒት ሣጥን ታውቋታላችሁ። እሷ ትዘጋ እላለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ሣጥኗን የጀመርናት በ2021 ነው። ያን ዓመት ቤይሩት የነበራችሁ አትረሱትም። ሊራው ወድቆ፣ መድኃኒት ከገበያ ጠፍቶ፣ የፋርማሲው መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ነበር። በጁላይ ጭራሽ ብዙዎቹ ፋርማሲዎች አድማ መትተው ዘጉ። ያኔ አንዷ የተረፋትን ፓናዶል፣ ሌላዋ ማዳሟ የሰጠቻትን ሽሮፕ፣ ሌላዋ ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣላትን አምጥታ አንድ ላይ አደረግን። በዚያ አላፍርም። የሚገዛ በሌለበት ጊዜ ተደጋገፍን።

አሁን ግን መድኃኒቱ ተመልሷል። ዋጋው አይቀመስም፣ እውነት ነው፤ ግን አለ። ሣጥኗ የቆየችው ነፃ ስለሆነችና ስለለመድናት ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንድ እህታችን እሁድ ከዶራ ስትመለስ ወገቧን እያመማት እኔ ጋ መጣች። ከሣጥኗ የተቆረጠ ቅጠል አውጥቼ ሰጠኋት። ያመጣችው ልጅ «ለሕመም ነው» ብላኝ ነበር፤ ለሕመምም ነው። እህታችን ግን ጨጓራ አለባት። እኔ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ጾም ላይ ስለነበረች ደግሞ በባዶ ሆዷ ነበር የምትውጠው። በሦስተኛው ሌሊት የቡና አተላ የመሰለ ነገር አስመለሳት። ሆድ ውስጥ የቆየ ደም እንደዚያ ነው የሚመስለው። ሆስፒታል አደረች። አሁን ድናለች፣ ሥራዋም ላይ ናት፣ ተመስገን። ገንዘቡን ከመዋጮው እንደከፈልን ታውቃላችሁ፤ በማን እጅ እንደመጣ ግን እስካሁን አልነገርኳችሁም ነበር። በእኔ እጅ ነው።

በማግስቱ የቀረውን ቅጠል ይዤ ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ አገላብጣ አየችውና ዳይክሎፌናክ ነው አለችኝ፤ ቮልታሪን የምንለው ውስጥ ያለው ማለት ነው። ማብቂያ ቀኑ የተጻፈበት ጫፍ ተቆርጦ የለም። «እርጉዝ መሆኗን ጠይቀሻል? ጨጓራ እንዳለባት? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ዝም አልኩ።

ከዚያ የነገረችኝ ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ። አንድ ሰው ከእሷ የገዛውን መድኃኒት በነጋታው ሳይከፍተው ቢመልስላት እንኳ ለሌላ ሰው አትሸጠውም። መጀመሪያ ስስት መስሎኝ ነበር። «የት እንዳደረ በምን አውቃለሁ?» አለች። ፀሐይ ላይ ይሁን፣ መኪና ውስጥ ይሁን፣ አታውቅም። ካርቶኑ ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ለኢንሱሊን የምትጠቀምበት ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ቴርሞሜትር አለ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ታያለች፣ መብራት ሲጠፋ የምትጠብቅበት ባትሪም አላት። እኔ ደግሞ ሣጥናችንን አሰብኩ። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ኦገስት፣ ሙቀት የሚተፋ ፍሪጅ አናት ላይ። እሷ ለአንድ ሌሊት ያላመነችውን እኛ ለዓመታት አምነን እንውጣለን።

ሁሉም ፋርማሲ እንደ እሷ ነው እያልኩ አይደለም። «ያ ቢንት» እያለ አጣድፎ፣ ምንም ሳይጠይቅ ቅጠል ቆርጦ የሚሸጥም አለ። ከእንደዚህ ዓይነቱ ውጡ። ደህና ፋርማሲ ይጠይቃችኋል። ጥያቄው ንቀት ወይም መሰለል እንዳይመስላችሁ፤ የገንዘባችሁ ግማሹ ለዚያ ጥያቄ የሚከፈል ነው። ካልጠየቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ እርጉዝ የሆናችሁ «አና ሐብሌ»፣ ጨጓራ ያለባችሁ «ማዕድቲ ብቱጃዕኒ»። ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ካርቶኑ ላይ በቁጥር አጽፉ። መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ተቀበሉ፣ ማብቂያ ቀኑንም እዚያው ቆማችሁ እዩ። በነገራችን ላይ ቀኑ በፈረንጅ ነው። አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ 2022 የሚል አይታ «ገና ስንት ዓመት አለው!» ብላ ደስ ብሏት ነበር፤ ለካ በእኛ አቆጣጠር እያሰበች ነው።

ስሙ ሲለያይም አትሸወዱ። ፓናዶል ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ያው ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደች ሳታውቅ እጥፍ ትወስዳለች። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ባለ 500 አይታለፍም፤ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ከሣጥኗ ሦስት ሦስት ፍሬ አንቲባዮቲክ ለጉሮሮ የምትወስዱም አላችሁ። ሦስት ፍሬ ሕክምና አይደለም። ፔኒሲሊን የማይስማማት ደግሞ በአንዷ ፍሬ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል።

በኮንትራት ቤት ያላችሁ፣ እሁድ የማትወጡ፣ «ሣጥኗ ከተዘጋች እኛ ምን እንሁን?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ፣ ሣጥኗ ከሁሉ በላይ የጠቀመችው እናንተን ነው። ስለዚህ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ከወር መዋጮው ላይ ለመድኃኒት ብቻ የሚሆን እንለይ። የታመመችው ሕመሟን፣ ሌላ የምትወስደውን፣ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን በዋትስአፕ ድምፅ ትላክ፤ ከእኛ አንዷ ፋርማሲ ሄዳ ድምፁን ለፋርማሲስቷ ትተርጉምላት፤ ከነካርቶኑ፣ ከነደረሰኙ ገዝታ ታድርስ። ማዳም የሰጠቻችሁን ፍሬም ከመዋጣችሁ በፊት የካርቶኑን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ካርቶን ከሌለው አትዋጡት። ደረት ሲወጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደም ሲታይ ግን ፋርማሲም አይበቃም፤ ወዲያው ደውሉልን፣ ሆስፒታል ነው።

ዶራ ላይ ከቦርሳ ለሚሸጡት እህቶቻችንም አንድ ቃል። እንጀራችሁ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስም አላነሳም። ሻምፑና ቅባት ሽጡ፣ እኔም እገዛችኋለሁ። ኪኒን ግን ተዉ።

ለውሳኔው በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት እንገናኝ። ፋርማሲስቷ የተረፈውን አምጪው፣ እኔ አስወግደዋለሁ ብላኛለች። እስከዚያ ሣጥኗን ቆልፌያታለሁ፤ ማታ መጥታችሁ ብታንኳኩም ሻይ ነው የማፈላላችሁ።