የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዲኖች ሲሰበሰቡ
ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲወራ የሚነሣው ምርምሩና ምረቃው ነው። ይህ እትም ግን የዲኖችን ስብሰባ ይመለከታል። አጀንዳው አያጓጓም፦ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፤ የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የመምህራን ድልድል ይከተላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው የኮምፒውተር ክፍሉን የዲን ራስ ምታት አድርጎታል። የመብራት መቆራረጡን ሳንጨምር ነው።

አንዲት የውጤት ማስተካከያ ቅጽ እንከተል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህሩ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል፤ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ያየዋል፤ ዲኑ የሚሰበስበው አካዳሚክ ኮሚሽን ይወስናል፤ ሬጅስትራር ይመዘግባል። በመካከል አንዱ ስብሰባ ምልአተ ጉባኤ ከጎደለው ተመራቂው ጋዋኑን ተከራይቶም ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ላይኖር ይችላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለሴኔት ትልቅ ሥልጣን ይሰጣል፤ የብዙ ተማሪ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው ግን ከሴኔት በታች ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጥሩ ዲን የሚታወቀው በንግግሩ ሳይሆን ወረቀት ባለማሳደሩ ነው።

በየገጾቹ ከዲኖች ሌላ ጸሐፊዎቻቸውም ተናግረዋል፤ መጀመሪያ የእነሱን አንብቡ። አሠራሩ ከግቢ ግቢ ይለያያልና የእናንተንም ጻፉልን።