ቁልፍ ይዞ ወደ ጀልባ ስለ መግባት

ከነቢያት ልጆች አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ ወደ ውሃው እንደ ሰጠመ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ሰውዬው የጮኸው ስለ ብረቱ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ መጥረቢያው በውሰት የያዘው የሰው ገንዘብ ስለ ነበረ ነው እንጂ። ነቢዩ ኤልሳዕም እንጨት ቈርጦ በጣለ ጊዜ ብረቱ ተንሳፈፈለት። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ በዚህ ታሪክ ተአምራቱን አደንቅ ነበር እንጂ የባለ ዕዳውን ጭንቀት አላሰብሁትም።

ጭንቀቱ የገባኝ በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። በአንድ እሑድ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም ለመሳለም ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋራ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ተሳፈርን። የቤቴ፥ የጠረጴዛዬና የጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሣጥን ቁልፎች በአንድ ቀለበት ታስረው በኮቴ ኪስ ነበሩ። ትንሹ ልጄ እጁን የሚያብስበት መሐረብ ቢለምነኝ፥ መሐረቡን ስስብለት ቁልፎቹ ተከትለው ወጡና ጣና ገቡ። ልጁ ጥፋቱ የእርሱ መስሎት ሊይዛቸው ከወገቡ በላይ ወደ ውሃው ተወረወረ፤ ጀልባውም ባንድ ወገን አዘነበለ። ነጂው ባንድ እጁ መሪውን ሳይለቅ በሌላው የልጁን መታጠቂያ ባይዝልኝ ኖሮ ዛሬ ስለ ቁልፍ ባልጻፍሁ ነበር።

ስለዚህ አባትና እናት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለልጆቻቸው ሲያለብሱ፥ ወደ ውሃ የወደቀ ዕቃ ማንም እንዳይከተል ገና በየብስ ሳሉ ይንገሯቸው። በውሃው ላይ የሚሰጥ ትእዛዝ ጩኸት ብቻ ነው።

ሰኞ ጧት የመዝገብ ሣጥኑ ሳይከፈት ቀረ። በውስጡ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የውርስ ሰነዶች ነበሩ፤ ከሩቅ ወረዳ መጥታ በቀጠሮዋ ቀን ተገኝታ ነበር። መቈለፊያው በምስክር ፊት እስኪሰበር ድረስ ቀጠሮዋ ተዛወረ። ቁልፉን የጣልሁት እኔ፥ መንገዱን የደገመችው ግን እርሷ ናት። በአደራ የተያዘ ቁልፍ ለሽርሽር አይወጣም፤ ለሥራ ባልደረባ በፊርማ ማስረከብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የቤቱንም ቁልፍ ቢሆን ሌላ አስቀርጾ በዘመድ ቤት ማኖር ይገባል።

የግድ ይዘነው የምንገባውን ቁልፍ ግን እንዲንሳፈፍ ማድረግ ይቻላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ አርኪሜድስ ስንማር፥ ውሃ አንድን ዕቃ የሚያነሣው ዕቃው ገፍቶ ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ነው ተብለናል። ናስ በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ 8 እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ እንግዲህ 40 ግራም የሚመዝን የቁልፍ እስር የሚያስለቅቀው ውሃ 5 ግራም ቢሆን ነው። የቀረውን 35 ግራም የሚሸከምለት ሌላ ነገር ይፈልጋል። አንድ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ከራሱ ክብደት ሌላ 15 ግራም ያህል ይሸከማል።

ያ ነጂ የመቈለፊያውን ቁልፍ ያሰረው በስንዝር ደረቅ ደንገል ነበር። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውስጡ አየር የሞላው ስለ ሆነ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ ውሃ ይጠጣልና እንደ ታንኳው ሁሉ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ቡሽ በዚህ ይሻላል። የቡሽ መልክ ግን ከደፈረሰ ውሃ ስለማይለይ ቀይ ቀለም ይቀባ። የተንሳፈፈውን ነፋስ ሳይወስደው ጀልባውን በዝግታ አዙሮ በመቅዘፊያ መሳብ ነው፤ ሞተሩ ሳይቆም ግን እጅ አይዘረጋም።

አንዳንዱ ቁልፉን በጠንካራ ገመድ በአንገቱ ያንጠለጥላል። ገመዱ በአንድ ነገር ላይ ቢያዝ አንገት ያንቃልና አልወደውም፤ በሚዘጋ ኪስ ውስጥ በሜንጦ ማያያዝ ይበልጣል። በብዙ የሞተር ጀልባ ላይም ነጂው ከሰውነቱ ጋራ የሚያስረው ቀይ ገመድ አለ፤ ነጂው ወደ ውሃ ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያቆማል። በዚህ ገመድ ላይ ቁልፍ የሚያንጠለጥል ሰው አይቻለሁ። የሕይወት መጠበቂያ የዕቃ መስቀያ አይደለም።

የዘመኑ የመኪና ቁልፍ ደግሞ ባትሪና የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስላለበት ቢንሳፈፍም ውሃ ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል። ለእርሱ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ያስፈልገዋል፤ ጥቂት አየር ከተተወበት ከረጢቱ ራሱ ይንሳፈፋል። በመኪናው ጎማ ላይ ደብቆ መሄድ ግን ለሌባ ማስረከብ ነው።

ከጣና በተመለስን በሳምንቱ አዲሱን የቁልፍ እስር በቤታችን ሳፋ ውስጥ ፈተንነው። በሁለት ቡሽ ቀስ እያለ ሰጠመ። ባለቤቴ ሦስተኛውን ጨመረችበት፤ ልጁም እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሞ ቀዩ ቡሽ ብቅ ሲል አየ።