አንድ ካቴድራል፣ ሦስት ስንብት

ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን፣ አምስተርዳም ጎዳና ላይ የመሠረት ድንጋዩ በ1892 የተጣለ፣ ግንባታው ግን እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ግዙፍ ካቴድራል አለ። ይህ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ17 ዓመት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ከያንያን በጸሎት የታሰቡት በዚሁ ጣራ ሥር ነበር፤ በኦክቶበር 1973 ገጣሚው ደብሊው ኤች ኦደን፣ በዲሴምበር 1987 ደራሲው ጄምስ ባልድዊን፣ በሜይ 1990 ሠዓሊው ኪዝ ሄሪንግ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ነበሩ። ሦስቱም የክርስትናን ታሪክ በሥራቸው መሐል አስቀምጠዋል።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አንዱ ወገናቸው ይቀራል። መንፈሳዊ ነኝ የሚለው አንባቢ ፍቅራቸውን ሲሰማ እምነታቸውን ማስመሰል ያደርገዋል። ዘመናዊ ነኝ የሚለው ሐያሲ ደግሞ እምነታቸውን ከልጅነት የተረፈ ልማድ አድርጎ ያልፈዋል። ሁለቱም ሥራዎቹን በቅጡ አላነበቡም።

ኦደን የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ፣ ካህናት ከነበሩበት ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱም አያቶቹ የአንግሊካን ቄሶች ነበሩ። በጉርምስናው እምነቱን ተወ። በ1937 የእርስ በርስ ጦርነት ወደሚያምሳት ስፔን ሲሄድ የባርሴሎና አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አገኘ፤ ይህ ለምን ያን ያህል እንዳስደነገጠው ለራሱም እንዳልገባው በኋላ ጽፏል። በ1939 አሜሪካ ገባ፤ በ1940 ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ።

በእነዚያው ዓመታት ቸስተር ካልማን ከሚባል ወጣት ጋር በፍቅር ወድቆ ነበር፤ ግንኙነቱንም እንደ ጋብቻ ቃል ኪዳን ያየው ነበር። በ1941 በጋ ካልማን ልቡን ለሌላ ሰው መስጠቱን አወቀ። ሐዘኑ ሳይበርድለት እናቱ ሞተች። ኦደን በዚያ ጊዜ የጀመረው ሥራ የጌታን ልደት የሚተርክ ረጅም የግጥም ድራማ ነው፤ በ1944 ሲታተም ለእናቱ መታሰቢያ አደረገው። በድራማው ውስጥ ጻድቁ ዮሴፍ እጮኛው ፀንሳ ሲያገኛት የሚደርስበትን ጭንቀት የሚያሳይ ክፍል አለ። ዮሴፍ ማስረጃ ይለምናል፤ መልአኩ ግን ያለ ማስረጃ እንዲያምን ይነግረዋል። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ ኦደን የገዛ ቅናቱንና ቁስሉን ያኖረው እዚህ ላይ ነው። ከካልማን የደረሰበትን መከዳት ከዮሴፍ ጭንቀት ጎን አስቀምጦ አዛመደው፤ ያንንም ያደረገው በታላቅ አክብሮት ነው።

ሃይማኖቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ እንዳልነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክም አለ። በሚሳለምበት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሌሊት ሌሊት በፍርሃት የምትሠቃይ አንዲት አሮጊት ነበረች። ኦደን ብርድ ልብስ ይዞ ሄደና፣ ሴትዮዋ እስክትረጋጋ ድረስ ከቤቷ ደጃፍ፣ ኮሪደሩ ላይ አደረ። ይህ በሰፊው የታወቀው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ባልድዊን የመጣው ከሌላ ዓለም ነው። በ1924 ሃርለም ውስጥ ተወለደ፤ የእንጀራ አባቱ ሰባኪ ነበር። እሱም በ14 ዓመቱ በአንድ የጴንጤቆስጤ ጉባኤ መስበክ ጀመረ፤ በ17 ዓመቱ መድረኩን ትቶ ወጣ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ለመጨረስ ወደ አሥር ዓመት ፈጀበት፤ የቋጨው አንዲት የስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ውስጥ ሆኖ ነው። መጽሐፉ በ1953 ታተመ።

የልብ ወለዱ ዋና ባለታሪክ ጆን ግራይምስ 14 ዓመት የሚሞላው ልጅ ነው። ከመንገድ ዳር ሱቅ ጸሎት ቤት በሆነች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣ በመሠዊያው ፊት መሬት ላይ ወድቆ ሌሊቱን ሙሉ ከነፍሱ ጋር ይታገላል። ባልድዊን ለዚያ ክፍል የመረጠው ርእስ «አውድማው» የሚል ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስ ስንዴውና ገለባው የሚለዩበት ብሎ የሰበከው ያ አውድማ። ጆን በወደቀበት ሌሊት አጠገቡ ሆኖ የሚጸልይለት ኤልሻ የሚባል የ17 ዓመት ወጣት አማኝ ነው። ልጁ ኤልሻን የሚያይበት ዓይን፣ ድምፁን የሚሰማበት ጆሮ፣ አብረው ሲያጸዱ በጨዋታ የሚታገሉበት ትዕይንት፣ ሁሉም ስሙን ገና በማያውቀው ፍቅር የተሞላ ነው። ሲነጋ ኤልሻ የጆንን ግንባር ስሞ ይሰናበተዋል። በዚያ መሳም ውስጥ የቅዱሳን ሰላምታና የልጁ ስውር ፍቅር ተደርበው ይገኛሉ። አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፤ ደራሲውም አልፈለገም።

ባልድዊንን ምእመን ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ ያደገበትን ቤተ ክርስቲያን ግብዝነትና ፍቅር ማጣት ያለ ርኅራኄ ተችቷል። ዳሩ ግን የዓረፍተ ነገሩ ምት፣ የቁጣውና የተስፋው ቋንቋ እስከ መጨረሻው ከመድረኩ አልወጣም። በ1956 ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር የጻፈውን ሁለተኛ ልብ ወለዱን የቀድሞው አሳታሚው አልቀበልም ሲለው ወደ ሌላ አሳታሚ ወሰደው። በ1979 የወጣው የመጨረሻ ልብ ወለዱ ማእከልም ወንድ የሚያፈቅር የመዝሙር ዘማሪ ነው። በቀብሩ ቀን ቶኒ ሞሪሰንና ማያ አንጀሉ ንግግር አደረጉ፤ ባልድዊን ራሱ መዝሙር ሲዘምር የተቀዳ ድምፁም በካቴድራሉ ውስጥ ተሰማ።

ኪዝ ሄሪንግ በ1980ዎቹ በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያዎች ባዶ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን በሸፈነው ጥቁር ወረቀት ላይ በጠመኔ እየሣለ የታወቀ ወጣት ነው። በጉርምስናው «የኢየሱስ ንቅናቄ» በሚባለው የወጣቶች መነቃቃት ውስጥ አልፏል፤ ጨረር የሚያወጣው ሕፃን ሥዕሉም መለያው ሆኖ ቀርቷል። በ1988 ኤድስ እንዳለበት አወቀ። በፌብሩዋሪ 1990 በ31 ዓመቱ ሲሞት፣ ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ አንዱ የመሠዊያ ሥዕል ነበር።

ሥራው የክርስቶስን ሕይወት የሚያሳይ፣ በነሐስ ተቀርጾ በነጭ ወርቅ የተለበጠ፣ ባለ ሦስት ክፍል ነው። የጎንደር ዘመንን ባለ መዝጊያ ሥዕለ አድኅኖ ያየ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ መሐል ላይ ዋናው፣ ግራና ቀኝ ክንፎቹ። በመሐለኛው ላይ ብዙ ክንዶች ያሉት አካል ሕፃኑን አቅፏል። ከላይ ጠብታዎች ይወርዳሉ፤ ከታች ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። በክንፎቹ ላይ መላእክት አሉ። ሄሪንግ መስመሮቹን ያለ ንድፍ በቀጥታ ሸክላው ላይ ነበር የቆረጣቸው። ከነሐስ ቅጂዎቹ አንዱ በዚያው የኒው ዮርክ ካቴድራል ይገኛል፤ ሌላው በፓሪስ ቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ግሬስ ካቴድራል በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ በተሠራው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ሰባኪዎች ኤድስን የእግዚአብሔር ቁጣ ነው በሚሉበት ዘመን፣ ሊሞት የተቃረበ ሕመምተኛ ከሰማይ ምሕረት ሲወርድ ሣለ።

ብዙ የአማርኛ አንባቢ በዚህ ጉዳይ ላይ ጽኑ አቋም አለው፤ የኢትዮጵያ ሕግም የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይከለክላል። አቋም ግን የተጻፈውን እንዳልተጻፈ፣ የተሣለውን እንዳልተሣለ ሊያደርግ አይችልም። የዮሴፍን ጭንቀት እንደ ኦደን የጻፈው ጥቂት ነው። የመንፈስ ትግልን እንደ ባልድዊን ያሳየም ብዙ የለም። ይህን መቀበል ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጥ ችሮታ ሳይሆን የንባብ ሐቀኝነት ነው።

ጉዳዩ ከመጻሕፍትም ያልፋል። እዚህም ሆነ በውጭ ሀገር፣ በየአጥቢያው ቆሞ እያስቀደሰ ወይም እየዘመረ በልቡ ያለውን ለማንም መንገር የሚፈራ ወጣት አለ። የሚሰማው ሁሉ እምነቱና ማንነቱ አብረው ሊኖሩ እንደማይችሉ ነው። ኦደን፣ ባልድዊንና ሄሪንግ፣ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው፣ ሁለቱን አብረው ተሸክመው ኖረዋል፤ በዚያም ጭነት የሚያኮራ ሥራ ትተው አልፈዋል።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው የውጭ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ፣ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የምትመልሱ፣ በየጋዜጣው የጥበብ ገጽ የምታዘጋጁ ሰዎች አደራ አለባችሁ። ባልድዊንን ስታስተምሩ የጆንን ጸሎት ከነኤልሻ አስተምሩ። ሄሪንግን ስታስተዋውቁ መሠዊያውን አትዝለሉ። የኦደንን የልደት ድራማ የምትተረጉሙም ካላችሁ፣ በመግቢያችሁ ላይ ካልማን ማን እንደነበር በግልጽ ጻፉ።