ስለ «ናውሲካ» ፊልም የተነሣው ክርክርና የእኛ አስተያየት

«የነፋሱ ሸለቆ ናውሲካ» የተባለው የጃፓን የሥዕል ፊልም በአዳራሻችን ከታየ ሳምንታት ቢያልፉም ክርክሩ ገና አልበረደም። ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ መምህራን ሻይ በሚጠጡበት ቦታ ሳይቀር የዚህችው ልጅ ነገር ይነሣል። ለግድግዳ ጋዜጣችንም ብዙ ጽሑፍ ደርሶናል፤ አንዳንዱ በደብተር ቅዳጅ፣ አንዳንዱ በፈተና ወረቀት ጀርባ የተጻፈ። ሁሉንም እንዳናወጣ ሰሌዳው አይበቃንም፤ ዝም እንዳንል ደግሞ ከተጻፈው ውስጥ ነገ የምንሰማራበትን ሥራ በቀጥታ የሚነካ ነገር አለበት። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን እያነሣን የበኩላችንን እንላለን።

ላላዩት በአጭሩ። ፊልሙ በጃፓን ለሕዝብ የታየው በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ነው። ደራሲውም አዘጋጁም ሀያኦ ሚያዛኪ ሲሆን፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪኩን በሥዕል እያዋዛ በአንድ መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣው ነበር። «ሰባቱ የእሳት ቀናት» የተባለ ጦርነት የሰውን ሥልጣኔ አመድ ካደረገው 1000 ዓመት አልፏል። መርዝ የሚተነፍስ ጫካ ምድሩን እየወረሰ ይሄዳል። ጫካውን ግዙፍ ነፍሳት ይጠብቁታል፤ ከነሱም ዋነኞቹ ኦሙ የሚባሉት፣ ዐይናቸው ብዙ፣ ሲረጋጉ ሰማያዊ ሲቆጡ ቀይ የሚሆን፣ ቤት የሚያህሉ ትሎች ናቸው። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ መርዙን የሚመልስላት አንዲት ሸለቆ አለች፤ ናውሲካ የዚያች ሸለቆ ገዥ ልጅ ናት። አንድ ጉልበተኛ መንግሥት የጥንቱን የእሳት ፍጡር ቀስቅሶ ጫካውን አቃጥላለሁ ብሎ ሸለቆዋን ይይዛል። በዚህ መንግሥት የተበደለ ሌላ ሕዝብ ደግሞ ጠላቱን ለማጥፋት ሲል የኦሙ ግልገል አቁስሎ የተቆጣውን መንጋ ወደ ሸለቆዋ ይነዳል። ልጅቷ በሁሉም መካከል ትቆማለች።

በዚያ ምሽት መብራት መጥፋቱን ታስታውሳላችሁ። የጠፋው ልክ ናውሲካ ከጫካው ሥር በአሸዋ ውስጥ ስትሰምጥ ነበር። ብርዱም አልተቻለምና ግማሹ ተመልካች ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መኝታው ሄደ። መብራቱ ሲመለስ የቀረው ጭፍራ ከፊተኛው ወንበር አላለፈም። ከደረሱን ጽሑፎች ውስጥ «ትልና አውሮፕላን ምን ያስተምራል?»፣ «ያው ጦርነት ነው» የሚሉት ከሄዱት ወገን እንደመጡ ለመለየት ነቢይ መሆን አያሻም።

የሚገርመው፣ ይህ ፊልም በግማሽ ሲታይ የእኛ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ገዝቶ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆርጦ ጣለለት፤ ስሙንም «የነፋሱ ጦረኞች» አለው። የልጅቷን ስም ሳይቀር ለወጠው። ከተቆረጠው ጋር የአፈሩና የጫካው ጉዳይ አብሮ ስለሄደ ነፍሳቱ እንዲሁ መገደል ያለባቸው ጠላቶች ሆነው ቀሩ። ጃፓኖቹ ይህን ቂም አልረሱትም። ከዓመታት በኋላ «ልዕልት ሞኖኖኬ» የተባለው ሌላው የሚያዛኪ ፊልም አሜሪካ ሊታይ ሲል፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶሺዮ ሱዙኪ ለአከፋፋዩ የጃፓን ሰይፍ አቀረበ፤ መልእክቱም «አንድም ቦታ አይቆረጥም» የሚል ነበር ይባላል። እንግዲህ አሜሪካኑን መቀስ ጎዳው፣ እኛን መብራት። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ጥያቄውን ሰምቶ መልሱን ሳይሰሙ መሄድ።

ጥያቄውስ ምንድን ነው? ቀደም ብሎ በሚታየው ክፍል ናውሲካ ከቤታቸው ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ማንም ሳያውቅባት አትክልት ስታለማ እናያለን። አትክልቱ ያው መርዘኛው የጫካ ተክል ነው። ነገር ግን የምታጠጣው ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ንጹሕ ውሃ፣ የተከለችበትም ንጹሕ አፈር ስለሆነ ተክሉ አንዳች መርዝ አይወጣውም። ከዚህ ተነሥታ መርዙ ያለው ከዛፉ ሳይሆን ከአፈሩ ነው ትላለች። ሁለተኛው አጋማሽ፣ ያ ብዙዎቻችሁ ያላያችሁት፣ መልሱን ይዞ ይመጣል። ከጫካው ሥር ያለው ዓለም ጥርት ያለ ውሃና ንጹሕ አሸዋ ነው። ዛፎቹ የሰው ልጅ ያበላሸውን አፈር መርዝ እየመጠጡ፣ እየደረቁ፣ ወደ ድንጋይና ወደ አሸዋ እየተለወጡ ምድርን ያጥባሉ። ሁሉም ሊያቃጥለው የሚዝተው ጫካ ለካስ መድኃኒቱ ነው።

ይህን ስናይ መጀመሪያ ትዝ ያለን የሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንዱን ነገር ለውጥ፣ ሌላውን እንዳለ ተው፣ ከዚያ አወዳድር፤ ይህን በሰሌዳ ላይ ገልብጠን፣ አጥንተን፣ ተፈትነንበታል። ስንቶቻችን በእጃችን ሠርተነዋል? ያቺ ልጅ ያለ ቤተ ሙከራ፣ ያለ መሣሪያ፣ በጓዳ ሠራችው። «የሥዕል ፊልም የሕፃን ነው» ላሉት መልሳችን ይኸው ነው። በነገራችን ላይ የሕፃን ነው የሚለው ራሱ አያስኬድም። ናውሲካ አባቷ ሲገደል በቁጣ ወታደሮችን ስትገድል ይታያል፤ ይህን ለሁለተኛ ክፍል ልጆች አናሳይም። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ግን ይሆናል እንላለን።

ደራሲው ነገሩን ከባዶ አላመጣውም። የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ እንዳነሣሣው ራሱ ተናግሯል። በዚያ የጃፓን ጠረፍ ቺሶ የተባለ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ዝቃጭ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ወደ ባሕር ሲለቅ ኖረ። ዓሣው ተመረዘ፤ ዓሣውን የበሉ ሰዎች ሰውነታቸው ተሽመደመደ፤ የተረገዙ ልጆች ሳይቀሩ ተጎዱ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው፤ ፋብሪካው ግን ከዚያ በኋላም 12 ዓመት መልቀቁን አላቆመም። ሰው ማጥመድ ሲተው ዓሣው በባሕረ ሰላጤው ተመልሶ በዛ፤ ሚያዛኪን ያስደነቀው ይህ ነው። የልጅቷ ጠባይ ደግሞ ከአንድ የጥንት የጃፓን ተረት የተወሰደ ነው፤ ቅንድቧን መነቀል እምቢ ብላ አባጨጓሬ ስትሰበስብ የምትውል የባላባት ልጅ ተረት። ስሟ ከግሪኩ ከሆሜር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። አንድ እጩ መምህር እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ተምች አውቃለሁ፣ አንበጣ አውቃለሁ። ትል ውደዱ የምትለኝ ልጅ አንድ ቀን እርሻ አልዋለችም።» በእኛ አስተያየት ከደረሱን ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በወሎ ምድር ምን እንዳደረገ ያየ ሰው፣ አረንጓዴ ሆኖ ያደረ ማሳ አመሻሽ ላይ አገዳ ብቻ ሆኖ ያየ ሰው፣ ስለ ነፍሳት ፍቅር ቢሰብኩት አይሰማም። የተረጨው መድኃኒትም ንቡን ከአንበጣው ለይቶ አያውቅም። ባይረጭስ? እህሉ የለም። ፊልሙ እንዲህ ያለ ውጥንቅጥ ውስጥ አይገባም።

እንዲያውም እኛ እንጨምርበት። የሸለቆዋ ሰዎች ነፋሱ መርዙን በነፃ ይመልስላቸዋል። ልጅቷ የምትበርበት አላት፤ ጊዜም አላት። የእኛዋ ልጅ ከምንጭ ውሃ ቀድታ፣ ኩበት ለቅማ፣ ከዚያ ነው ትምህርት ቤት የምትደርሰው። ለእኛ ኦሙ ማለት ጭላዳ ነው። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው። አስታው፣ ኮሶው፣ ጅብራው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው የዚያ ናቸው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የለም፤ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ፤ ከቀይ ቀበሮው አዋቂው በመላ አገሪቱ ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። ይህን ለፈተና እናውቀዋለን። ነገር ግን ጭላዳው በአንድ ረፋድ የገባበት የገብስ ማሳ የማን ነው? ማሳውን ለመጠበቅ ወንጭፍ ይዞ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ የማን ተማሪ ነው? የነገ የእኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከፊልሙ ጋር የምንለያየውም የምንስማማውም። «ደን ሀብት ነው» ብሎ በሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚወጣ መምህር ለዚያ ልጅ ምንም አልነገረውም፤ ልጁ በሆዱ «የማን ሀብት?» ይላል። ትምህርቱ ከገብሱ መጀመር አለበት። ምን ያህል ተበላ? ማን ከፈለ? ጭላዳው ምግቡ ሣር ሆኖ ሳለ ለምን ገብስ ላይ መጣ? የሣሩ ሜዳ የት ሄደ፣ ማን አረሰው? ቀይ ቀበሮው በአብዛኛው የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ይህስ ለገበሬው ምን ማለት ነው? ናውሲካ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ኦሙን «አይዞህ ደግ ነህ» አላለችውም፤ ለምን ዐይኑ እንደቀላ ጠየቀች።

ከአንድ መምህራችን የመጣ ሌላ አስተያየት አለ። «ባሕር ዛፍ የእኛ መርዘኛ ጫካ ነው፤ ነቅሎ መጣል ነው» ይላል። መምህራችንን እናከብራለን፤ ፍርዱ ግን ቸኩሏል እንላለን። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው እንጨት ስላለቀ ነው። ምንጭ ዳርና ማሳ ዳር ሲተከል ጉዳት እንዳለው የማያውቅ የለም። ግን በአገራችን ደጋ እንጨት ያጣ ቤት ምን ያነዳል? ኩበት። የነደደው ኩበት ወደ ማሳ የማይመለስ ፍግ ነው። ስለዚህ ዛፉን ከመክሰስ በፊት አፈሩን መጠየቅ ይበጃል። አባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ግንዱስ ይዙር፣ ጉዱ አፈሩ ነው። ከቦረናና ከሳይንት ተዳፋት ክረምት ክረምት የሚታጠበው አፈር የሚወርደው ወደዚያው ነው። በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ ከያዘው ውሃ ጥቂት የማይባለውን ቦታ ደለል ተክቶበታል፤ አሁን ደግሞ ከፊቱ የራሳችን የሕዳሴው ግድብ አለ።

ፊልሙ በጃፓን የታየበት ዘመን ለወሎ ምን ዘመን እንደነበር ልብ ይሏል። የ1976 በልግ ቀረ፤ ክረምቱም ተከተለው፤ 1977ን ወላጆቻችንና አያቶቻችን በስሙ ብቻ ያውቁታል። ያኔም ከዚያ በኋላም ገበሬው በእህል ለሥራ የሠራቸው እርከኖች ዛሬም በየተራራው ወገብ ይታያሉ፤ የፈረሱ አሉ፣ የቆሙ አሉ። የቆሙት ለምን ቆሙ፣ የፈረሱት ለምን ፈረሱ የሚለው ራሱ አንድ ሙሉ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

ስለ ፍጻሜው ብዙ ተጽፏል። መንጋው የረገጣት ልጅ በኦሙዎቹ ወርቃማ ክሮች መነሣቷን አንዳንዱ ወዶታል፤ አንዳንዱ «ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ተአምር?» ብሏል። ሚያዛኪም ራሱ ፍጻሜው ሃይማኖታዊ መልክ እንደያዘበት ገልጾ አልረካበትም። በመጽሔት የቀጠለው ታሪክ እስከ 1986 ዓ.ም. ዘልቆ በ7 ቅጽ ተጠናቋል፤ ፍጻሜውም መራራ ነው። ጫካውን የሠሩት የጥንት ሰዎች ሆነው ይገኛሉ፤ የዛሬዎቹ ሰዎች ሰውነት ደግሞ ከመርዙ ጋር ተላምዶ ንጹሕ አየር የማይችል ሆኗል። እኛ ይህኛውን እንመርጣለን። ሰው ያበላሸውን እያጸዳ ያለው ነገር ለሰውየው ላይመች ይችላል፤ ይህን ለመስማት ደግሞ ተአምር አያስፈልገንም።

የቋንቋው ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ከግርጌ የሚሮጠው እንግሊዝኛ ብዙዎቻችንን ጥሎን ሄዷል፤ «አልገባኝም» ብሎ በግልጽ የጻፈው አንድ ብቻ ቢሆንም ብዙዎች ዝም ማለታቸውን እናውቃለን። በየቪዲዮ ቤቱ ትርጉም ፊልም ስንት ሰው ይሰበስብ የለም እንዴ! የአማርኛና የእንግሊዝኛ ክፍል ጓደኞቻችን ሁለት ሆነው አንዱ እያነበበ አንዱ በማይክራፎን ቢተርክ ምን ይጎድላል? ኦሙን ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን እንዲያስቡበት እንጠይቃለን፤ «ትል» ካሉት ተምቹ ትዝ ይለናል።

በበኩላችን ሦስት የወተት ጣሳ አዘጋጅተናል። አንዱ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦረቦር የተወሰደ አፈር፣ ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያን ጽዶች ሥር፣ ሦስተኛው ፍግ አይቶ ከማያውቅ ማሳ። በሦስቱም እኩል ቁጥር ያለው ገብስ ተዘርቷል፤ ውሃውም እኩል ነው። የሳይንስ ክፍሉ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ማንም ከተመደበው ሰው በቀር አያጠጣ። የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ መብራት ከፈቀደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ፣ በተለይ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ መልስ እስከ ዐርብ ድረስ በሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ይክተት፤ ሳንቆርጥ እናወጣዋለን።